ውሉ እንዳይጠፋ፦ የመንግሥትና የግል አጋርነት በሆስፒታሎች ታሪክ፣ ከለንደን እስከ ማሴሩ

(በፋኩልቲው የሕዝብ ገለጻ መድረክ የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች መጠነኛ እርማት ተደርጎበት የቀረበ)



የዚህ ገለጻ ርእስ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ በተለጠፈ ዕለት አንድ ባልደረባዬ፣ «የታሪክ መምህር ከሆስፒታል ውል ጋር ምን አገናኘው?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሴን በአንድ የግል ትዝታ ልጀምር።

ሃያ ዓመት ያህል ይሆነዋል፤ አባቴ በድንገት ታመሙና በአንድ የክፍለ ሀገር ከተማ ወደሚገኝ የመንግሥት ሆስፒታል ወሰድኳቸው። ተረኛው ሐኪም ወጣት፣ ትሑትና ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነበር። አባቴን መርምሮ ሲያበቃ በትንሽ ወረቀት ላይ ሦስት ምርመራዎች ጻፈና፣ «እነዚህን እዚህ አንሠራቸውም፤ ከበሩ ማዶ ካለው የግል ክሊኒክ አሠርታችሁ ተመለሱ» አለን። አባቴን ደግፌ መንገዱን ተሻገርኩ። ክሊኒኩ ዋጋውን ነገረን፤ ከፈልን፤ ውጤቱን ይዘን ተመለስን። ከውጤቶቹ አንዱ ስሕተት ሆኖ ስለተገኘ በማግሥቱ ደግመን ተሻገርን፤ ደግመንም ከፈልን። ለስሕተቱ የሚጠየቅ ግን አልነበረም። በሆስፒታሉ በኩል «የኛ ላቦራቶሪ አይደለም» ተባልን፤ በክሊኒኩ በኩል ደግሞ «የታዘዝነውን ሠርተናል» ተባልን። አባቴ በዚያን ጊዜ ዳኑ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ያ ወረቀት ግን ከአእምሮዬ አልወጣም።

በዚህ አዳራሽ ውስጥ እንዲህ ያለ ወረቀት ይዞ መንገድ ያልተሻገረ ሰው የሚኖር አይመስለኝም። የመንግሥት ሆስፒታሉ ሐኪም አለው፤ የግል ክሊኒኩ መሣሪያ አለው፤ ሁለቱን የሚያገናኛቸው ሕመምተኛው ነው። ይህ በእውነቱ የመንግሥትና የግል አጋርነት ነው። ልዩነቱ ዋጋው፣ ኃላፊነቱና ጥራቱ በጽሑፍ ያልሰፈረ፣ ተጠያቂ የሌለው አጋርነት መሆኑ ብቻ ነው። በአማርኛችን «ውል» የሚለው ቃል ሁለት ነገር ይጠራል፤ አንዱ ሰዎች የሚፈራረሙት ስምምነት ሲሆን ሌላው የልቃቂት ክር መነሻ ጫፍ ነው። ልቃቂቱ ውሉ ከጠፋበት ክሩ ሁሉ እያለ መፍታት አይቻልም። ዛሬ የማቀርበው ሐሳብም ከዚህ የራቀ አይደለም። በጤና አገልግሎት ታሪክ ውስጥ መንግሥት ከግል ባለሀብት ጋር ያልተሻረከበት ዘመን ማግኘት ያስቸግራል። ስለዚህ አጋርነቱ ይኑር ወይስ አይኑር ብሎ መከራከር ብዙ አያራምድም። ታሪክ የሚያስተምረን፣ ውጤቱን የሚወስነው መንግሥት ውሉን የማንበብ፣ የመቆጣጠርና ሲያስፈልግ የመውጣት ዐቅም ያለው መሆኑ እንደሆነ ነው። ይህንን በሁለት ሀገሮች ታሪክ አሳይቼ ወደ ራሳችን እመለሳለሁ።

የእንግሊዝ ተሞክሮ

ብዙዎቻችን የመንግሥት ሕክምና ሲባል ቀድሞ የሚታወሰን የእንግሊዝ ብሔራዊ የጤና አገልግሎት ነው። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 5 ቀን 1948 በጤና ሚኒስትሩ በአናይሪን ቤቫን መሪነት ሥራ ሲጀምር፣ ቀድሞ በበጎ አድራጎት ማኅበራትና በከተማ አስተዳደሮች እጅ የነበሩትን ሆስፒታሎች በመንግሥት ሥር አጠቃለለ። ሕክምናው በነፃ፣ ወጪው ከግብር ሆነ። ይሁንና ይህ ሥርዓት እንኳ ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ ንጹሕ መንግሥታዊ አልነበረም። ሐኪሞች አጥብቀው ስለተቃወሙ ቤቫን መደራደር ነበረበት። በየሰፈሩ የሚያክሙት ጠቅላላ ሐኪሞች የመንግሥት ተቀጣሪ ሳይሆኑ ራሳቸውን ችለው ከመንግሥት ጋር የሚዋዋሉ ባለሙያዎች ሆነው ቀሩ። የሆስፒታል ስፔሻሊስቶችም ከመንግሥት ሥራቸው ጎን ለጎን በግል የማከም መብታቸው ተጠበቀላቸው። እንግሊዛዊ በሰፈሩ ክሊኒክ ሲታከም ክፍያ አይጠየቅም፤ የሚያክመው ሐኪም ግን በውል የሚሠራ ባለሙያ ነው። ውሉ በሀገር ደረጃ የሚደረግ፣ በየጊዜው የሚታደስ፣ ሁለቱም ወገኖች ጠንቅቀው የሚያውቁት በመሆኑ ለአሥርት ዓመታት ሠርቷል።

ሌላ ዓይነት ውል የመጣው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው። በዚያ ዓመት በኅዳር የገንዘብ ሚኒስትሩ ኖርማን ላሞንት የግል ፋይናንስ ዕቅድ የተባለውን አሠራር ይፋ አደረጉ። አሠራሩን ባጭሩ ላስረዳ። መንግሥት አዲስ ሆስፒታል ይፈልጋል፤ ገንዘብ መበደር ግን አይፈልግም። ስለዚህ የግንባታ ኩባንያዎች፣ ባንኮችና የጥገና ድርጅቶች አንድ ላይ ሆነው ኩባንያ ያቋቁማሉ። ኩባንያው ይበደራል፣ ሕንፃውን ይሠራል፣ ለሠላሳ ዓመት ገደማ ይንከባከበዋል። ሐኪሞቹና ነርሶቹ የመንግሥት ሆነው ይቀጥላሉ። ሆስፒታሉ በበኩሉ ለኩባንያው በየዓመቱ የተወሰነ ክፍያ ይከፍላል። ከዚህ ክፍያ ውስጥ የሕንፃው ዋጋ፣ የብድሩ ወለድ፣ የጥገናው ወጪና የባለሀብቱ ትርፍ ይገኙበታል።

የገንዘብ ሚኒስቴር ይህንን የወደደበት አንዱ ምክንያት ከሕክምና ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። ብድሩ የኩባንያው ስለሆነ አብዛኛው ዕዳ በመንግሥት የዕዳ መዝገብ ላይ አይታይም ነበር። ዕዳው የለም ማለት ግን አይደለም፤ በየዓመቱ የሚከፈል ግዴታ ሆኖ በሆስፒታሎቹ ትከሻ ላይ ተቀምጧል። መንግሥት በራሱ ስም ቢበደር የሚከፍለው ወለድ ከግል ኩባንያ ያነሰ መሆኑ የታወቀ ነው። ስለዚህ ይህ መንገድ የሚያዋጣው የግሉ ኩባንያ በጊዜው በመጨረስ፣ ወጪ በመቆጠብና ኪሳራውን ራሱ በመሸከም ልዩነቱን ካካካሰ ብቻ ነበር።

ወግ አጥባቂዎቹ የጀመሩትን አሠራር በስፋት ያስኬደው የሌበር መንግሥት ነው። ሌበር እ.ኤ.አ. በ1997 ሥልጣን እንደያዘ ሆስፒታሎች እንዲህ ያለ ውል የመፈራረም ሕጋዊ ሥልጣን እንዳላቸው የሚያረጋግጥ ሕግ አወጣ። በካርላይልና በዳርትፎርድ የተሠሩት የመጀመሪያዎቹ ሆስፒታሎች በ2000 ተከፈቱ። እዚህ ላይ ሚዛናዊ መሆን ይገባል። የእንግሊዝ ሆስፒታሎች ብዙዎቹ ከቪክቶሪያ ዘመን የተረፉ አሮጌ ሕንፃዎች ነበሩ። በዚህ መንገድ ባይሆን ኖሮ ሳይተኩ የሚቀሩ ብዙ ነበሩ፤ ሕንፃዎቹ ተሠርተዋል፣ ሕሙማን ታክመውባቸዋል። በውሉ መሠረት ጥገናቸውም ተሟልቷል። ለሕንፃ የሚበጀተውን የጥገና ገንዘብ በችግር ጊዜ ቀድመው የሚቀንሱ መንግሥታትን ለምናውቅ ሰዎች ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ዋጋው የተገለጠው ቆይቶ ነው። በኖርዊች የተሠራውን ሆስፒታል እንውሰድ። ሕንፃው ተሠርቶ አልቆ አደጋው ሲቀንስ ባለሀብቶቹ እ.ኤ.አ. በ2003 ውድ የነበረውን ብድራቸውን በርካሽ ብድር ተኩት። ከዚህ የተገኘው ጥቅም 116 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ሲሆን ሆስፒታሉ የደረሰው 34 ሚሊዮን ያህል ብቻ ነበር። በዚያው ስምምነት ሆስፒታሉ ውሉን አቋርጣለሁ ቢል የሚከፍለው ከፍተኛ ካሳ እንዲጨምር ተደረገ። ጉዳዩ በፓርላማው የመንግሥት ሒሳብ ኮሚቴ ፊት ቀርቦ ክፉኛ ተወቀሰ፤ ነገር ግን ውሉ ውል ነበር። ባለሀብቶቹ የሠሩት ሕገ ወጥ ሥራ አልነበረም። ፊርማው ሲፈረም ይህ ቀን ይመጣል ብሎ ያሰበው አንደኛው ወገን ብቻ መሆኑ ነው ነገሩ።

በደቡብ ለንደን ደግሞ ሁለት እንዲህ ያሉ ሆስፒታሎችን በሥሩ የያዘ የጤና ተቋም ከዓመታዊ ክፍያውና ከሌሎች ድካሞቹ የተነሣ ኪሳራው ስለገነነ በ2012 በልዩ አስተዳዳሪ እጅ ገባ፤ በቀጣዩ ዓመትም ፈረሰ። እዚህ ላይ አንድ ረቂቅ ነገር እንገነዘባለን። ገቢው ሲቀንስ ሆስፒታሉ የነርስ ቅጥር ሊያዘገይ፣ ክፍል ሊዘጋ ይችላል፤ የሕንፃውን ክፍያ ግን ሊነካ አይችልም። ለሠላሳ ዓመት የተቆረጠ ወጪ ሌላውን ወጪ ሁሉ ተለዋዋጭ ያደርገዋል። መጀመሪያ የሚቀነሰውም ውል የሌለው ነው።

በጥር 2018 ብሔራዊው የኦዲት ቢሮ ባወጣው ሪፖርት መሠረት በጤና፣ በትምህርትና በሌሎችም ዘርፎች ከ700 በላይ እንዲህ ያሉ ውሎች በሥራ ላይ ነበሩ። የግንባታ ዋጋቸው 60 ቢሊዮን ፓውንድ ገደማ ሲሆን፣ እስከ 2040ዎቹ ድረስ የሚከፈለው ቀሪ ክፍያ 199 ቢሊዮን ፓውንድ ነበር። ሁለቱን ቁጥሮች በቀጥታ ማነጻጸር ስሕተት ይሆናል፤ ክፍያው የጥገናና የአገልግሎት ዋጋንም ይጨምራልና። ቢሆንም በ1990ዎቹ የፈረመው ትውልድ ያልከፈለውን፣ ያልፈረመው ትውልድ እየከፈለው መሆኑን ቁጥሩ ያሳያል። በዚያው ወር ካሪሊየን የተባለው ግዙፍ ተቋራጭ ሲከስር በሊቨርፑልና በበርሚንግሃም አቅራቢያ ሁለት ትላልቅ ሆስፒታሎች ተጀምረው ቆሙ። ለግል ተላልፏል የተባለው የኪሳራ አደጋ ወደ መንግሥት ተመለሰና መንግሥት ሥራውን ራሱ ማስጨረስ ግድ ሆነበት። የሊቨርፑሉ የተከፈተው በ2022፣ ሌላው በ2024 ነው። በጥቅምት 2018 የገንዘብ ሚኒስትሩ ፊሊፕ ሃሞንድ በዚህ መንገድ አዲስ ውል እንደማይፈረም አስታወቁ። አሠራሩ በተወለደበት ሀገር ለሃያ ስድስት ዓመት ኖሮ አበቃ።

እንግሊዝ ባለጠጋ ሀገር ናት። ብርቱ የኦዲት ቢሮ፣ ጠያቂ ፓርላማ፣ የሠለጠኑ የሕግ ባለሙያዎች አሏት። እንዲህ ያለ ውል ዐቅሙ ከዚህ እጅግ ባነሰ ሀገር ሲፈረም ምን ይሆናል? ለዚህ የተሻለ ምስክር የምትሆነን በአህጉራችን ደቡብ የምትገኘው ሌሶቶ ናት።

የማሴሩ ሆስፒታል

ሌሶቶ ዙሪያዋን በደቡብ አፍሪካ የተከበበች፣ ሁለት ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ያላት ተራራማ ሀገር ናት። በኤች አይ ቪ ክፉኛ ከተጎዱት የዓለም ሀገሮች አንዷ ስትሆን፣ በ2000ዎቹ ከአራት ጎልማሶች አንዱ ገደማ ቫይረሱ በደሙ ይገኝ ነበር። በዋና ከተማዋ በማሴሩ የነበረው ብሔራዊው ሪፈራል ሆስፒታል፣ ንግሥት ኤልሳቤጥ ሁለተኛ ሆስፒታል፣ በቅኝ ግዛት ዘመን የተሠራና ያረጀ ነበር። የጽኑ ሕሙማን ክፍል እንኳ በሀገሪቱ አልነበረም። ከበድ ያለ ሕመም የገጠመው ሰው ድንበር ተሻግሮ ወደ ብሉምፎንቴን ይላካል፤ ወጪውንም መንግሥት ይከፍላል።

መንግሥቱ አሮጌውን ሆስፒታል ለመተካት ሲነሣ አማካሪ ሆኖ የቀረበው የዓለም ባንክ ቤተሰብ የሆነው ዓለም አቀፍ የፋይናንስ ኮርፖሬሽን ነበር። የተመረጠው መንገድ ከእንግሊዙም የራቀ ነበር። በእንግሊዝ ለግል የተሰጠው ሕንፃውና ጥገናው ሲሆን፣ በሌሶቶ ግን ሕክምናው ራሱ፣ ማለትም ሐኪሙ፣ ነርሷ፣ መድኃኒቱ፣ ላቦራቶሪው ሁሉ ለግል ኩባንያ ተሰጠ። በጥቅምት 2008 ጸፖንግ ከተባለ ኩባንያ ጋር የ18 ዓመት ውል ተፈረመ። ጸፖንግ በሴሶቶ ቋንቋ «የተስፋ ቦታ» ማለት ነው። 40 በመቶ ድርሻ የያዘው የደቡብ አፍሪካው ኔትኬር ሲሆን፣ ቀሪው የሌሶቶና የደቡብ አፍሪካ ሐኪሞች፣ ነጋዴዎችና የሴቶች የኢንቨስትመንት ማኅበር ነበር። የብድሩን ገንዘብ ያቀረበው የደቡባዊ አፍሪካ ልማት ባንክ ነው። ሕሙማን የሚከፍሉት ዋጋ በሌሎች የመንግሥት ሆስፒታሎች ካለው እንዳይበልጥ ተወሰነ፤ የቀረውን መንግሥት በዓመታዊ ክፍያ ይሸፍናል። ሐሳቡ አዲሱ ሆስፒታል አሮጌው ይወስድ ከነበረው ገንዘብ እምብዛም ሳይርቅ የተሻለ ሕክምና ይሰጣል የሚል ነበር።

በመጀመሪያ ሦስት የከተማዪቱ ክሊኒኮች ታድሰው በ2010 ሥራ ጀመሩ። ንግሥት ማሞሐቶ መታሰቢያ የተባለው 425 አልጋ ያለው ሆስፒታልም በጥቅምት 2011 ተከፈተ። ውጤቱ በሕክምና በኩል አስደናቂ ነበር። የቦስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አሮጌውንና አዲሱን አነጻጽረው ባደረጉት ጥናት የሆስፒታሉ የሞት መጠን 41 በመቶ እንደቀነሰ አገኙ። ሀገሪቱ የጽኑ ሕሙማን ክፍል ኖራት። ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ፣ ቀድሞ ተስፋ የሚቆረጥባቸው ሕፃናት መትረፍ ጀመሩ። ስለ ሌሶቶ ተሞክሮ የሚጽፉ ተቺዎች ብዙ ጊዜ ይህንን በአንድ ሐረግ ያልፉታል። እኔ ማለፍ አልፈልግም። ከዚያ ቀደም ቢሆን ይሞት የነበረ፣ በዚያ ሆስፒታል ምክንያት ዛሬ ትምህርት ቤት የሚሄድ ልጅ በሌሶቶ አለ። ስለ ውሉ ዋጋ ስንናገር ይህንን ልጅ በሚዛኑ ላይ ማኖር ግዴታችን ነው።

በሌላው የሚዛን ሳህን ያለውን ደግሞ እንይ። ውሉ በዓመት 20,000 ተኝተው የሚታከሙና 310,000 ተመላላሽ ሕሙማንን ታሳቢ ያደረገ ነበር። ከዚህ በላይ ለሚመጣ ሕመምተኛ መንግሥት ተጨማሪ ይከፍላል። ሆስፒታሉ ጥሩ ሲሆን ምን ይሆናል? ሰው ይጎርፋል። የወረዳ ሆስፒታሎች ባለሙያና መድኃኒት አጥተው ደክመው ሳለ በዋና ከተማው አንድ ብርሃን የበራበት ሕንፃ ሲኖር፣ የታመመ ሰው ወደ ብርሃኑ መሄዱን ማንም አይከለክለውም። ጣሪያው ታለፈ፤ ክፍያው ናረ። ሆስፒታሉ በተሳካለት ቁጥር ለመንግሥት እየከበደ ሄደ። ክፍያው ሲጨምር ደግሞ ለወረዳዎቹ የሚተርፈው ያንሳል፤ ወረዳዎቹ በደከሙ ቁጥር ወደ ማሴሩ የሚመጣው ሰው ይበዛል። ይህ አዙሪት በውሉ ውስጥ ተጽፎ ነበር፤ የፈረሙት ሰዎች ግን አላነበቡትም፣ ወይም አንብበው አልተረዱትም።

በሚያዝያ 2014 ኦክስፋም ባወጣው ሪፖርት ሆስፒታሉና ክሊኒኮቹ የሀገሪቱን የጤና በጀት 51 በመቶ እንደሚወስዱ፣ ወጪውም ከአሮጌው ሆስፒታል ቢያንስ ሦስት እጥፍ እንደሆነ ተናገረ። የዓለም ባንክ ስሌቱን አልተቀበለም፤ ድርሻው ከዚያ ያነሰ ነው ሲል ተከራከረ። ለታሪክ ተማሪ ከሁለቱ ቁጥሮች ይልቅ ክርክሩ ራሱ ትምህርት አለው። አንድ መንግሥት በሀገሩ ካሉት ሁሉ ለሚበልጠው ሆስፒታል ስንት እንደሚከፍል በዋሽንግተንና በኦክስፎርድ ያሉ ተቋማት ሲከራከሩ፣ ሁሉን የሚያሳምን ሒሳብ ይዞ መቅረብ የነበረበት የማሴሩ ጤና ሚኒስቴር ነበር። ኩባንያው የሒሳብ ባለሙያዎችና ጠበቆች አሉት። ባንኩም እንዲሁ። ውሉን በየቀኑ የሚከታተል የሠለጠነ ኃይል በበቂ ያልነበረው ዋናው ከፋይ ነው።

መጨረሻው የመጣው ካልታሰበ አቅጣጫ ነው። በመንግሥት ሆስፒታሎች የሚሠሩ ነርሶች ደመወዝ ሲጨመር የጸፖንግ ነርሶች እኩል ይከፈለን አሉ። ኩባንያው ጭማሪውን መንግሥት ይሸፍን አለ፤ መንግሥት ደግሞ ሠራተኞቹ የኩባንያው ናቸው አለ። ከበሩ ማዶ ያለውን ክሊኒክና ያንን የላቦራቶሪ ስሕተት አስታውሱ። ነርሶቹ ሥራ አቆሙ። ኩባንያው በመጋቢት 2021፣ የኮቪድ ወረርሽኝ ገና ሳያልፍ፣ 345 ነርሶችንና ረዳት ነርሶችን አባረረ። በዚያው ዓመት መንግሥት የ18 ዓመቱን ውል ማብቂያው ከመድረሱ ከአምስት ዓመት በፊት አፈረሰ፤ ሆስፒታሉንም ራሱ ተረከበ።

ወደ ራሳችን ስንመለስ

ይህ ሁሉ እኛን የሚመለከተን ለምንድን ነው? በሀገራችን ዘመናዊ ሕክምና የተጀመረው ራሱ በአጋርነት ነው። በ1888 ዓ.ም. ከዐድዋ ድል በኋላ የመጣው የሩስያ ቀይ መስቀል ቡድን በአዲስ አበባ ያቋቋመው የሕክምና ጣቢያ ለኋለኛው የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል መንገድ ጠራጊ ነበር። በየክፍለ ሀገሩ ሚስዮኖች ክሊኒክ ከፈቱ። በእንግሊዝ ሀገር በነርስነት ሠልጥነው የነበሩት ልዕልት ፀሐይ በ1934 ዓ.ም. በነቀምት ሲያርፉ፣ በስማቸው ለሚሠራው ሆስፒታል ሲልቪያ ፓንክኸርስት በእንግሊዝ ገንዘብ አሰባሰበች። የበጎ ፈቃደኞች መዋጮና የመንግሥት ኃላፊነት በአንድ ሕንፃ ተገናኙ። በደርግ ዘመን የግል ሕክምና ጠበበ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የጤና ፖሊሲ በሩን እንደገና ከፈተው፤ የግልና መንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶች እንዲሳተፉም አበረታታ። ከዚያ ወዲህ በመንግሥት ሆስፒታሎች ውስጥ የግል ሕክምና ክንፍ ተከፍቷል፤ የጽዳት፣ የልብስ አጠባና የምግብ ዝግጅት ሥራም በብዙ ቦታ በውል ለግል ድርጅቶች ተላልፏል። በመጨረሻም በ2010 ዓ.ም. የመንግሥትና የግል አጋርነት አዋጅ ቁጥር 1076/2010 ወጣ። አዋጁ የሚመራ ቦርድ አቋቋመ፤ የአዋጭነት ጥናትና የውድድር ጨረታ እንዲኖር አዘዘ።

አዋጁ መኖሩ ትልቅ ነገር ነው። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ አባቶቻችን። ነገር ግን ይወረሳል የሚለው ቃል ለዕዳም ይሠራል። ሌሶቶም ጨረታና አማካሪ ነበራት። እኛ ደግሞ ሌሶቶን ያልገጠማት ተጨማሪ አደጋ አለብን። የሌሶቶ ገንዘብ ሎቲ ከደቡብ አፍሪካ ራንድ ጋር እኩል በእኩል የተሳሰረ ነው፤ ኩባንያው የሚገዛውም የሚበደረውም በአብዛኛው በራንድ ነበር። ስለዚህ የምንዛሪ ለውጥ ውሉን አላናወጠውም። እኛ ዘንድ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ሥርዓት ሲለወጥ 57 ብር ገደማ የነበረው የአንድ ዶላር ዋጋ በጥቂት ወራት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ሆነ። ከዚያ በፊት በዶላር የሚሰላ የ20 ዓመት የሆስፒታል ውል ፈርመን ቢሆን ኖሮ፣ አንድም ሕመምተኛ ሳይጨመር ዓመታዊ ክፍያችን በብር ከእጥፍ በላይ ይሆን ነበር። እንግሊዝንም ሌሶቶንም ያላገኘ ፈተና ነውና መፍትሔውን ከእነርሱ ልንቀዳ አንችልም።

እንግዲህ ወደ ፊት እንዲህ ያለ ውል በሀገራችን ሲቀርብ፣ መቅረቡም አይቀርም፣ ከታሪክ የምንወስዳቸው ጥያቄዎች አሉ። ገንዘብ ሲያጥር ይህ ክፍያ ሳይነካ የሚቀነሰው ምንድን ነው? የደቡብ ለንደን መልስ ነርሱና አልጋው ነው። ሆስፒታሉ ቢሳካለት ለተጨማሪው ሕመምተኛ ማን ይከፍላል? በተለይም ከጤና ጣቢያና ከመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ላይ ተቀንሶ ነው ወይ? ይህ የማሴሩ ጥያቄ ነው። ሁኔታዎች ሲለወጡ ጥቅሙን የሚካፈለው፣ ልንወጣ ስንፈልግ የመውጫውን ዋጋ የሚተምነው ማን ነው? ይህ የኖርዊች ጥያቄ ነው። ከሁሉም በላይ ግን፣ ፊርማው ከደረቀ በኋላ ለሃያ ዓመት ውሉን በየወሩ የሚያነብ፣ የሚለካ፣ የሚከራከር ቢሮ በሚኒስቴሩ፣ በክልሉ፣ በሆስፒታሉ አለ ወይ? የውል ድርድር በወራት ያልቃል። የሚያስፈራው ከዚያ በኋላ ያለው ረጅም ዝምታ ነው።

ከእናንተ መካከል፣ ይህ ሥራ የኢኮኖሚክስና የሕግ ተማሪዎች ነው የምትሉ ትኖሩ ይሆናል። ለባልደረባዬ የሰጠሁትን መልስ አሁን ልናገር። ኢኮኖሚስቱ ውሉ ከመፈረሙ በፊት ይተነብያል፤ የሕግ ባለሙያው ሲፈረም ይመረምራል። ከተፈረመ ከዐሥር ዓመት በኋላ ምን ተብሎ እንደነበር፣ ማን ምን ቃል እንደገባ፣ የትኛው ቁጥር ከየት እንደመጣ የሚያስታውስ ሰው ያስፈልጋል። ያ የታሪክ ባለሙያው ድርሻ ነው። ሚኒስትር ይቀየራል፣ ዳይሬክተር ይዛወራል፣ አማካሪው ወደ ሀገሩ ይመለሳል። በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሰው ዕድሜ ከውል ዕድሜ ያጥራል። ስለሆነም የድኅረ ምረቃ ተማሪዎቻችን የሆስፒታሎቻችንን ስምምነቶች፣ ከሚስዮን ዘመን ጀምሮ እስከ ትናንቱ የጽዳት ውል ድረስ፣ እንዲሰበስቡና እንዲያጠኑ አደራ እላለሁ። የሕዝብ ገንዘብ የሚከፈልበት ውል ለሕዝብ እንዲገለጥ መጠየቅም የምሁር ሥራ እንጂ የነገረኛ ሥራ አይደለም።

ውል የሌለው አጋርነት የሚያስከፍለውን አባቴን ደግፌ መንገድ በተሻገርኩ ዕለት አይቻለሁ፤ የከፈልነው እኛ ነበርን። ባለቤቱ የማያነበው ውል የሚያስከፍለውን ደግሞ ማሴሩ አሳይታናለች፤ የከፈሉት በሆስፒታሉ ፈጽሞ ያልታከሙት የወረዳ ነዋሪዎች ናቸው። በሁለቱም ጊዜ ሒሳቡ የመጣው ድርድሩ ላይ ላልነበረው ሰው ነው። የግል ሀብትና ሙያ ለሕክምናችን ያስፈልጋል ብዬ አምናለሁ፤ ያንን የላቦራቶሪ ወረቀት የሚተካ ጥሩ ውል ባይ ደስ ከሚላቸው ሰዎች አንዱ እኔ ነኝ። የምለምነው ሲፈረም ጫፉን የሚይዝ እጅ በመንግሥትም በሕዝብም ዘንድ እንዲኖር ነው።